የጥንት ፒያኖ ድምፅ በመድረክ ኪቦርድ ላይ፦ የትኛውን ዘመን፣ በየትኛው መንገድ?

ድሬዳዋ፣ ከዚራ ውስጥ ባለ አንድ ሆቴል አትክልት ቦታ ቅዳሜና እሑድ ማታ ኪቦርድ እጫወታለሁ። ከሁለት ዓመት በፊት፣ አየሩ ከብዶ በዋለበት አንድ ቅዳሜ፣ ትዝታን በዘመናዊው ትልቅ ፒያኖ ድምፅ ስጫወት የግራ እጄ ድምፅ ሳይከስም ሌላው እየተደረበበት፣ በላዩ ከየጠረጴዛው የሚመጣው ጨዋታና የሳህን ኮሽታ ሲታከልበት ዜማው ተድበሰበሰ። በእረፍት ሰዓት፣ ከጫንኩት ወዲህ ዞር ብዬ ያላየሁትን፣ በ1790ዎቹ ከተሠራ የቪየና ፒያኖ የተቀዳ ድምፅ ከፈትኩ። ያንኑ ዜማ በዚያው የድምፅ መጠን ደገምኩት። እያንዳንዱ ኖታ ለየብቻው ጠብ አለ። ከአስተናጋጆቹ አንዷ ትሪዋን እንደያዘች ቆም ብላ «ክራር ጨመራችሁበት እንዴ?» አለችኝ።

ከዚያ ምሽት ወዲህ ብዙ ድምፆችን ጭኛለሁ፤ ብዙዎቹንም አጥፍቻለሁ። ባለፈው ወር ደግሞ ከሐረር እየተመላለሰ የሚማር ተማሪዬ «ጋሼ፣ የሞዛርትን ዘመን ልጫን ወይስ የሾፓንን?» ሲል ጠየቀኝ። በሁለት ቃል ልመልስለት ሞከርኩና አልሆነልኝም። መልሱ በሚጫወትበት ቦታ፣ አብረውት በሚጫወቱት ሰዎችና በያዘው ኪቦርድ ይወሰናል። ይህን የጻፍኩት ለእሱና እሱን ለመሰሉ ተጫዋቾች ነው።

ብዙ ሰው የጥንት ፒያኖ ድምፅ ሲመርጥ የሚከተለው የታላላቅ ሰዎችን ስም ነው። እኔ ግን ከሁሉ በፊት አንድ ነገር እንድትለኩ እመክራለሁ፦ ድምፁ ከተመታ በኋላ ስንት ጊዜ ይቆያል? በኪቦርዱ መሐል ያለውን የዶ ቁልፍ ተጭናችሁ ሳትለቁ ያዙና እስኪጠፋ ቁጠሩ። በዘመናዊው ትልቅ ፒያኖ ድምፅ አሥር ቆጥራችሁም ገና ይሰማል። በቪየናው የጥንት ፒያኖ ጥቂት እንደ ቆጠራችሁ አልቋል። የሚያስፈልገው የማከማቻ ቦታ፣ ከዘፋኙ ጋር ያለው ስምምነት፣ በዳስ ውስጥ መሰማት አለመሰማቱ፣ ሁሉም በአብዛኛው የሚመነጨው ከዚህ ነው።

ሦስቱ ዘመናት

ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች በሙሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ፒያኖን በ1700 አካባቢ የፈለሰፈው በፍሎረንስ የሜዲቺ ቤተ መንግሥት የሙዚቃ መሣሪያዎች ኃላፊ የነበረው ባርቶሎሜዮ ክሪስቶፎሪ ነው። ከእጁ ሥራ ሦስት ፒያኖዎች ብቻ ተርፈዋል፤ የ1720ው በኒውዮርክ፣ የ1722ቱ በሮም፣ የ1726ቱ በላይፕዚግ ይገኛሉ። የእነሱን ድምፅ ለመድረክ አልመክርም። ለጸጥተኛ ክፍል የተሠራ ለስላሳ ድምፅ ስለሆነ በትልቅ ማጉያ ሲገፋ ባሕርይው ይጠፋል። ለእኛ ትርጉም ያለው ምርጫ የሚጀምረው ከቪየናው ነው።

የቪየናው ፒያኖ ማለት በጥቅሉ እንደ አንቶን ቫልተር ያሉ ባለሙያዎች በ18ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ የሠሩት ነው። ሞዛርት በ1782 አካባቢ የገዛው የቫልተር ፒያኖ ዛሬም በሳልዝቡርግ አለ። አካሉ እንጨት ነው፤ ሽቦዎቹ ቀጭን፣ ውጥረታቸውም ዝቅተኛ ነው። መዶሻዎቹ ትንንሽ ሲሆኑ የተሸፈኑት በሱፍ ሳይሆን በቆዳ ነው። ቆዳው ሽቦውን ሲመታ የድምፁ መነሻ ጥርት ያለ ይሆናል፤ ቀጭኑ ሽቦና የእንጨቱ አካል ደግሞ ድምፁን ቶሎ ያከስሙታል። አስተናጋጇ ክራር የመሰላት ይህ ነው፤ ክራርም ሲመታ ጥርት ብሎ ይነሳና ወዲያው ይከስማል።

ለእኛ ዜማ ያለውን ጥቅም በደንብ ማስረዳት እፈልጋለሁ። ትዝታ፣ ባቲ፣ አምባሰልና አንቺሆዬ በአምስት ድምፅ የቆሙ ናቸው፤ ውበታቸው ያለው በአንድ ነጠላ የዜማ መስመር ላይ በሚደረገው ማርገብገብና ማጠፍ ነው። ረጅም ድምፅ ባለው ፒያኖ ቀኝ እጃችሁን ስታርገበግቡ ያለፈው ኖታ ገና አልሞተምና አዲሱ ከአሮጌው ጋር ይጋጫል፤ ስለዚህ ሳታውቁት ማርገብገቡን ትቀንሳላችሁ። በአጭር ድምፅ ግን ጣታችሁ ነፃ ነው። እኔ በቪየናው ድምፅ መጫወት ከጀመርኩ ወዲህ አንቺሆዬን የምጫወትበት መንገድ ተለውጧል፤ በሁለት ኖታዎች መካከል ባዶ ቦታ መተው አስተምሮኛል። ጉዳቱም ከዚሁ ይመጣል። ቀስ ባለ ዜማ ላይ አንድን ኖታ ይዛችሁ ዘፋኙን ልትጠብቁ ብትሞክሩ ከሥራችሁ ያልቅባችኋል። ያኔ መምታት፣ ደጋግሞ መምታት ነው መፍትሔው፤ የዚያ ዘመን ተጫዋቾችም የተሰበረ የግራ እጅ አጨዋወትን፣ ማለትም የኮርዱን ድምፆች አንድ በአንድ እያፈራረቁ መምታትን፣ የወደዱት ያለ ምክንያት አይደለም።

ሁለተኛው ዘመን ከ1810ዎቹ እስከ 1840ዎቹ ያለው ነው። የለንደኑ ብሮድዉድ በ1817 መጨረሻ ለቤትሆቨን የላከው ፒያኖ ስድስት ኦክታቭ ማለትም 73 ቁልፍ ነበረው። የቪየናው ኮንራድ ግራፍ 78 ቁልፍ ያላቸውንም ሠርቷል። የፓሪሱ ሴባስቲያን ኤራር ቁልፉ እስከ ላይ ሳይመለስ ደግሞ ለመምታት የሚያስችለውን፣ በ1821 የተመዘገበውን አሠራር ፈለሰፈ፤ ሾፓን ደግሞ የፕሌየልን ፒያኖ ይመርጥ ነበር። የእነዚህ ድምፅ ከመጀመሪያው ዘመን ይረዝማል፤ ከዘመናዊው ግን ያጥራል። የምወድላቸው ነገር የሦስቱ ክፍሎች ድምፅ መለያየት ነው፦ የታችኛው እንደ ዋሽንት ሻከር ይላል፣ የመሐሉ ዘፈን ይመስላል፣ የላይኛው እንደ ብርጭቆ ይጠራል። በእንግሊዞቹ ላይ የድምፅ ማፈኛው ሥራውን ሙሉ በሙሉ ስለማይሠራ ጣት ከተነሳ በኋላ ትንሽ ጭጋግ ይቀራል። የእማሆይ ጽጌማርያም ገብሩን አጨዋወት የምትወዱ፣ ግራ እጁ እየፈሰሰ ቀኝ እጁ በላዩ የሚንሳፈፍበትን ማለቴ ነው፣ ከዚህ ዘመን ድምፅ ጋር ቶሎ ትስማማላችሁ ብዬ አምናለሁ።

ሦስተኛውን በአጭሩ ልለፈው። አልፊየስ ባብኮክ በ1825 ሙሉ የብረት ማዕቀፍ አስመዘገበ፤ ስታይንዌይ በ1859 የትልቅ ፒያኖ ሽቦዎችን አጠላልፎ ወጠረ፤ መዶሻውም ሱፍ ለበሰ። ስታይንዌይ፣ ቤክስታይንና ብሉትነር ሦስቱም የተመሠረቱት በአንድ ዓመት፣ በ1853 ነው። ከ1880ዎቹ ፒያኖ የተቀዳ ድምፅ ለዘመናዊው የቅርብ ዘመድ ነው፤ ትንሽ ጠቆር፣ ትንሽ ለስለስ ያለ። ለውጡን ታዳሚው ላይሰማው ይችላል፤ እናንተ ግን ትሰሙታላችሁ። ከባንድ ጋር ለመጫወት ከሦስቱ እጅግ አስተማማኙ ይህ ነው።

እዚህ ላይ ብዙ ሰው የሚስተውን አንድ የቁጥር ነገር ላንሳ። የሞዛርት ዘመን ፒያኖ 61 ቁልፍ ነበረው። በአገራችን ሰርግና ሆቴል የሚዞረው ኪቦርድም አብዛኛው 61 ቁልፍ ነው። ቁጥሩ አንድ ይሁን እንጂ መነሻው ይለያል፦ የጥንቱ ከፋ ጀምሮ በፋ ያልቃል፣ የእኛው ከዶ ጀምሮ በዶ ያልቃል። ኪቦርዱን ባለበት ብትተዉት የጥንቱ ፒያኖ ዝቅተኛ ሰባት ቁልፎች ይቀሩባችኋል፤ አንድ ኦክታቭ ዝቅ ብታደርጉት ደግሞ ከላይ አምስት ይጎድላሉ። ቤዝ ጊታር ካለ የታችኛውን መተው ይሻላል።

ወደ ኪቦርዱ የሚገባበት መንገድ

ድምፁን ለማግኘት ሦስት መንገድ አለ፦ ኪቦርዱ ራሱ ውስጥ መጫን፣ በላፕቶፕ ላይ ከተቀዳ የድምፅ ማኅደር ማጫወት፣ ወይም ያልተቀዳ፣ በስሌት የሚፈጠር ድምፅ መጠቀም።

የመጀመሪያው የእኔ ምርጫ ነው። ምክንያቴም መብራት ነው። አንድ ጊዜ ድሬዳዋ ውስጥ በነበረ ሰርግ ላይ የጥንቱን ፒያኖ ከላፕቶፕ እያጫወትኩ ሳለ ሙሽሮቹ ከዳሱ በር ላይ ደርሰው መብራት ጠፋ። ጄኔሬተሩ ተነሳ፤ ኪቦርዱ ከአንድ ደቂቃ ባነሰ ጊዜ ተመለሰ። ላፕቶፑ በባትሪው ሥራ ላይ ነበር፤ ግን ሳውንድ ካርዱ ስለተቋረጠበት ፕሮግራሙ ደረቀ፤ እንደገና ከፍቼ በርካታ ጊጋባይት እስኪጭን ድረስ ሙሽራዋ ወንበሯ ላይ ተቀምጣለች። መግቢያውን ያጀብኩት በኪቦርዱ በራሱ ፒያኖ ነው። እጄ እየተንቀጠቀጠ ነበር። ከዚያ ወዲህ ላፕቶፕ ይዤ ከወጣሁ ሳውንድ ካርዱንም ኪቦርዱንም የሚይዝ ትንሽ የኃይል መጠባበቂያ ሳልይዝ አልወጣም።

ኪቦርዱ ውስጥ መጫን የሚቻለው ግን ማከማቻ ካለው ነው። ኖርድ ስቴጅ 4 የተባለው የመድረክ ኪቦርድ ለፒያኖ ድምፆች 2 ጊጋባይት አለው፤ የፒያኖ ክፍሉ ግን የሚቀበለው አምራቹ ያዘጋጃቸውን ድምፆች ነው፤ የራሳችሁን ናሙና (የተቀዳ ድምፅ) የምትጭኑት በሌላኛው፣ 1 ጊጋባይት ባለው የናሙና ክፍል ነው። በእኛ አካባቢ በብዛት ከሚታዩት የያማሃ ኪቦርዶች መካከል ፒኤስአር ኤስኤክስ 900 ለተጨማሪ ድምፅ 1 ጊጋባይት፣ ኤስኤክስ 700 ደግሞ 400 ሜጋባይት አላቸው፤ ድምፁ የሚዘጋጀው በኮምፒውተር ላይ በአምራቹ ነፃ ፕሮግራም ነው።

400 ሜጋባይት ለፒያኖ ይበቃል? በሲዲ ጥራት አንድ ሰከንድ የስቴሪዮ ድምፅ 176,400 ባይት ይይዛል። ዘመናዊ ፒያኖ 88 ቁልፍ፣ እያንዳንዱ በአራት የምት ጥንካሬ፣ እያንዳንዱ ምት 20 ሰከንድ ቢቀዳ 7,040 ሰከንድ ይሆናል፤ ይህ ወደ 1.24 ጊጋባይት ነው። የቪየናው ፒያኖ 61 ቁልፍ፣ በአራት የምት ጥንካሬ፣ እያንዳንዱ 6 ሰከንድ ቢቀዳ 1,464 ሰከንድ ብቻ ነው፤ ወደ 260 ሜጋባይት። ያለምንም ማሳጠር ኤስኤክስ 700 ውስጥ ይገባል። ድምፁ አጭር መሆኑ ለትንሹ ኪቦርድ ስጦታ ነው። ዘመናዊው ፒያኖ በትንሽ ማከማቻ ውስጥ እንዲገባ ተቆርጦና ጫፉ እየተደጋገመ ሲታጠፍ የሚሰማውን ሐሰተኛ እርዝማኔ የቪየናው አያስፈልገውም። ስለዚህ አቅማችሁ ለውድ ኪቦርድ ካልደረሰ፣ ከተጨማደደ ትልቅ ፒያኖ ይልቅ ሙሉ የሆነ ትንሽ ፒያኖ ብትመርጡ በልበ ሙሉነት እደግፋችኋለሁ።

ከማውረዳችሁ በፊት ሦስት ነገር ጠይቁ። ስንት ቁልፍ በየራሱ ተቀድቷል? በጥንት ፒያኖ ላይ ጎረቤታም ቁልፎች እንኳ ድምፃቸው አይመሳሰልም፤ በየሦስት ቁልፉ አንድ ተቀድቶ የቀረው ከእሱ የተለጠጠ ከሆነ ያ ልዩነት ጠፍቷል፣ የቀረው ቅርፊቱ ነው። በስንት የምት ጥንካሬ ተቀድቷል? የቆዳ መዶሻ በለስላሳና በኃይለኛ ምት መካከል የድምፁን ዓይነት ጭምር ይለውጣል፤ ሁለት ደረጃ ብቻ ካለው መሻገሪያው ላይ እንደ ደረጃ መሰናክል ይሰማችኋል። ሦስተኛው፣ የተቀዳበት ክፍል ማሚቶ አብሮ አለበት ወይ? ለመድረክ ደረቅ የሆነውን ምረጡ፤ ማሚቶውን ኪቦርዱ ላይ መጨመር ትችላላችሁ፣ የተቀዳውን ግን መቀነስ አይቻልም።

ሁለተኛው መንገድ፣ በላፕቶፕ ከሚጫወት ማኅደር የሚገኘው ድምፅ ከሁሉ የጠለቀ ነው፤ ለቀረጻና ለቤት አልጠላውም። ለመድረክ ግን ከመብራቱ ሌላ መዘግየት አለው። በሰከንድ 44,100 የድምፅ ናሙና በሚሠራበት ፍጥነት 256 ናሙና የሚያጠራቅም ቅንብር 5.8 ሚሊ ሰከንድ ያዘገያል፤ ይህ ከስፒከሩ ሁለት ሜትር ርቆ እንደመቆም ስለሆነ አይታወቅም። ወደ 1,024 ሲያድግ 23 ሚሊ ሰከንድ ይሆናል፤ ስምንት ሜትር ርቆ እንደመጫወት ነው። በረጅም ድምፅ ይህን ጆሮ ይታገሠዋል፤ መነሻው ጥርት ባለ የቆዳ መዶሻ ላይ ግን እያንዳንዱ ጣት ይሰናከላል። የድሬዳዋ ሙቀትም አለ። ከሰዓት በኋላ በሚጀምር ዝግጅት ፀሐይ ያረፈበት ላፕቶፕ ፍጥነቱን ራሱ ይቀንሳል፤ ያኔ ድምፁ መቆራረጥ ይጀምራል። ሐረር አየሩ ቀዝቀዝ ስለሚል ይህ ችግር ብዙም አያሳስብም።

ሦስተኛው መንገድ ከሁለቱ መካከል ያለ ነው። ፒያኖቴክ የተባለው የፈረንሳይ ፕሮግራም ከ2006 ጀምሮ ፒያኖን ከመቅዳት ይልቅ የሽቦውን፣ የመዶሻውንና የእንጨቱን ጠባይ እያሰላ ድምፁን በቅጽበት ይፈጥራል። ስለዚህ የሚይዘው ጥቂት አሥር ሜጋባይት ብቻ ነው፤ ከመብራት መጥፋት በኋላም ቶሎ ይነሳል። የቫልተር፣ የግራፍ፣ የብሮድዉድ፣ የፕሌየልና የኤራር ፒያኖዎችም አሉት። በምት ጥንካሬ መካከል ምንም መሰናክል የለውም፤ ይህ ለጥንት ፒያኖ ትልቅ ነገር ነው። በእኔ ጆሮ ግን ነጠላ ኖታውን ለብቻው ስትሰሙት የእንጨቱ ሽታ የለውም፤ ተቀድቶ የመጣው ድምፅ ውስጥ ያለውን ያንን ትንሽ አለመስተካከል እፈልገዋለሁ። ግዢው በውጭ ምንዛሬ መሆኑም ለብዙዎቻችን እንቅፋት ነው፤ የሙከራ ቅጂው ለ20 ደቂቃ ብቻ ይሠራል፣ ጥቂት ቁልፎችም ድምፅ አይሰጡም፣ ለመወሰን ግን በቂ ነው።

አቃኛኘት

የጥንት ድምፆች ብዙ ጊዜ ከነጥንት አቃኛኘታቸው ይመጣሉ። የዛሬው የላ ድምፅ 440 ኸርዝ ነው፤ ለሞዛርት ዘመን ሙዚቃ ግን ተጫዋቾች ብዙ ጊዜ 430 ይጠቀማሉ። ልዩነቱ 40 ሴንት ያህል፣ ማለትም ለግማሽ ድምፅ ግማሽ ሊደርስ ጥቂት የቀረው ነው። ብቻችሁን ስትጫወቱ ያምራል። ቤዝ ጊታርና ሳክስፎን አብረው ካሉ ግን ታዳሚው ምክንያቱን ባያውቅም ፊቱን ያጠቁራል። ለባንድ ያለ ማመንታት ወደ 440 መልሱት።

የድምፆቹ ርቀት አከፋፈል ሌላ ጉዳይ ነው። ዛሬ አሥራ ሁለቱም ግማሽ ድምፆች እኩል ናቸው። ከ18ኛው ክፍለ ዘመን በመጣው የቫሎቲ አከፋፈል ግን ከዶ እስከ ሚ ያለው ርቀት 392 ሴንት ነው፤ በእኩሉ 400፣ በተፈጥሮ ንጹሑ ደግሞ 386 ነው። ክራር ተጫዋች በጆሮው ስለሚቃኝ ከእኩሉ ይልቅ ለንጹሑ ይጠጋል፤ ስለዚህ ከአንድ ክራር ጋር፣ በዶ ላይ የቆመ ትዝታ በቫሎቲ ስትጫወቱ ሁለቱ መሣሪያዎች አንድ ቤት ያደጉ ይመስላሉ። የትኛውም ኪቦርድ ይህን አማራጭ አለው ማለት አይደለም፤ በቅንብር ዝርዝሩ ውስጥ ፈልጉ። በሰርግ ላይ ግን አትሞክሩት። ዘፋኝ በየዘፈኑ መሐል «ከፍ አድርገው» ይላልና፣ ከዶ ርቃችሁ ስትሄዱ ያ ጣዕም ወደ ምሬት ይለወጣል።

ቦታው

ለከዚራው አትክልት ቦታ፣ ሁለት ወይም ሦስት ሆነን ለምንጫወትበት ምሽት፣ የቪየናውን እመርጣለሁ። ክፍት አየር ማሚቶ የለውም፤ ጥርት ያለው መነሻ ከወሬው በላይ አልፎ ይሄዳል፤ ድምፅ ሳይጨመር ይሰማል፣ ሰዎችም ሳይጮሁ መጫወት ይችላሉ።

በዳስ ውስጥ፣ ድራምና ትላልቅ ስፒከሮች ባሉበት፣ የ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ፒያኖ ይሻላል። የቪየናው መሐለኛ ድምፅ ከዘፋኙ ጋር በአንድ ስፍራ ይጋፋል። ሌላም አለ፦ የዳስ ማጉያ አብዛኛውን ጊዜ ሞኖ ነው። በስቴሪዮ የተቀዳ ፒያኖ ሁለቱ ጎኖቹ ወደ አንድ ሲጨመቁ እርስ በርሳቸው ይጠፋፉና ድምፁ እንደ ቆርቆሮ ይሳሳል። ቤታችሁ ሳላችሁ በአንዲት ሞኖ ገመድ ብቻ አድምጡት፤ ከሳሳ አንዱን ጎን ብቻ ላኩ ወይም ሌላ ድምፅ ምረጡ። የቪየናውን በዳስ ውስጥ የምጠቀምበት አንድ ቦታ አለኝ፦ ዘፈኑ ከመጀመሩ በፊት ለብቻ በሚመታው መግቢያ።

ሐረር ጀጎል ውስጥ በአንድ የሐረሪ ቤት ለትንሽ የቤተሰብ ዝግጅት ተጫውቼ አውቃለሁ። ግድግዳው ወፍራም፣ ጣራው የእንጨት ወራጅ ነው፤ ነደባው (ከፍ ብሎ የተሠራው መቀመጫ) ላይ ምንጣፍ ተዘርግቷል፣ ግድግዳው በሙሉ በሰፌድና በሳህን ተሸፍኗል። ድምፅ እዚያ አይንጫጫም፤ እንደ ልብስ ያርፋል። ትንሿን ስፒከር ነደባው ጥግ አስቀምጬ የፕሌየሉን ድምፅ ስጫወት የማፈኛው መመለስ፣ የቁልፉ ኮሽታ፣ ሁሉም ተሰማ፤ በከዚራ ጠፍቶብኝ የኖረ ነገር ነው። እንዲህ ባለ ክፍል የሁለተኛውን ዘመን ከነትንንሽ ኮሽታዎቹ ምረጡ።

ጣት

የዘመናዊ ፒያኖ ቁልፍ 10 ሚሊ ሜትር ያህል ይወርዳል፤ ለመውረድም ወደ 50 ግራም ይፈልጋል። የቪየናው በጥልቀትም በክብደትም ለግማሽ የቀረበ ነበር። መዶሻ የተገጠመለት ባለ 88 ቁልፍ የመድረክ ኪቦርድ ዘመናዊውን እንዲመስል ስለተሠራ፣ የቪየናውን ድምፅ ስትጭኑበት እጅና ጆሮ አይገናኙም። እኔ የማደርገው ይህ ነው፦ የምት ስሜቱን ወደ ቀላል እቀይራለሁ። ከዚያ በአንድ ጣት፣ ድምፅ እስኪጠፋ ድረስ ቀስ ብዬ እየነካሁ የመጨረሻዋ ለስላሳ ኖታ መውጣቷን አያለሁ፤ ካልወጣች ቅንብሩ ገና ነው። ቀጥዬ አንድን ኖታ በሁለት ጣት ደጋግሜ እመታለሁ፤ ከዘለለ ኪቦርዱ ቁልፉ እስከ ላይ ካልተመለሰ አይሰማም ማለት ነውና አጨዋወቴን አስተካክላለሁ። የእግር ፔዳሉን ከወትሮው በግማሽ እቀንሳለሁ። የቫልተር ፒያኖ ማፈኛውን የሚያነሳው በእግር መዳፍ ሳይሆን በጉልበት መገጣጠሚያ በሚገፋ ማንሻ ነበር፤ ያንን ሳስብ እግሬ ራሱ ይቆጠባል።

ተማሪዬ ያለው ኪቦርድ ባለ 61 ቁልፍ፣ መዶሻ የሌለው፣ ቀላል ነው። ሲያፍርበት ኖሯል። ለጥያቄው የሰጠሁት መልስም ከዚሁ የተነሳ ነው፦ የሞዛርትን ዘመን ጫን። ቁልፉ ከእኔ ትልቁ ኪቦርድ ይልቅ ለቪየናው ቅርብ ነው፤ ማከማቻው ይበቃዋል፤ የሚጫወተውም በቤቱና በትንንሽ ዝግጅቶች ላይ ነው። ባለፈው ቅዳሜ በአራት የምት ጥንካሬ የተቀዳውን ጭኖ መጣና ባቲን ተጫወተልኝ። መጀመሪያ በልማዱ ፔዳሉን ረግጦ ያዘ። «እግርህን አንሳ» አልኩት። አነሳና ከመጀመሪያው ጀመረ፤ ሁለተኛው መስመር ላይ ሲደርስ ቀኝ እጁ እስከ ዛሬ ያላስተማርኩትን ማርገብገብ አመጣ።